በጾም የተዳረች ሙሽራ

ኅዳር 9 ቀን 2003 ዓ.ም.

ብርድ። ደብረ ማርቆስ ላይ ፀሐይ ትወጣለች እንጂ አታሞቅም። ጃኬቴን ሳላወልቅ ዋልኩ። መቅዲ የአለቃችን ጸሐፊ ናት፤ በዚህ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ያለችኝ ብቸኛ ጓደኛም እሷ ናት። እጇን ኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ እያሞቀች ደብዳቤ ትጽፋለች። ሌላው ሠራተኛ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። እንግዳ እንስባለን የምንለው እኛ ነን።

አስጎብኚያችን አበረ ደወለ።

«ሽታዬ፣ ወደ አምበር ቅኔ ቤት የሚታጠፈው የቱ ጋ ነበር?»

ነገርኩት።

«ከዋርካው በፊት ነው በኋላ?»

ዋርካ የለም። ግራር ነው። ይህንንም ነገርኩት።

«መምህሩ ማን ይባሉ ነበር?»

ነገርኩት… ለምን ነገርኩት? አፌ ለምዶበት።

ያንን የጉብኝት መንገድ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ተመርቄ በኮንትራት እንደተቀጠርኩ፣ በበጋው ብርድ እንግዳ ወዴት ይሂድ ብዬ በእግሬ ዞርኩ። የአምበር ገበያ፣ ከዚያ ቅኔ ቤቱ፣ ከዚያ ጮቄ ተራራ ላይ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ማየት፣ በመጨረሻ የደምበጫ ፈረስ። የትኛው ቤት እንግዳ እንደሚያሳድር አውቃለሁ። የትኛው ውሻ እንደሚናከስም አውቃለሁ… ጠባሳው አለኝ።

ከዚያ የአስጎብኚነቱ ቋሚ ቦታ ወጣ። የጽሑፍ ፈተናውን አንደኛ አለፍኩ። በቃል ፈተናው አለቃችን አቶ ሙላት ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሴት ልጅ ጮቄ ላይ ምን ትሠራለች?» አሉ። ከቁመና ነጥብ ተቀነሰብኝ። አበረ ግን የአቶ ሙላት ሚስት የወንድም ልጅ ስለሆነ ቁመናው ሞልቶ ፈሰሰ። ጮቄን ያየው በካላንደር ላይ ነው።

እኔ አሁንም ኮንትራት ነኝ። ውሌ ታኅሣሥ መጨረሻ ያልቃል።

ኅዳር 16

ስብሰባ። ጾሙ ከገባ ገና ሁለተኛ ቀኑ፣ አቶ ሙላት ስለ ጥሬ ሥጋ አወሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንጅ ጎብኚዎች የራሳቸውን ገና ታኅሣሥ 16 እኛ ጋ ሊያሳልፉ ይመጣሉ። የሚቆዩት ሁለት ቀን ነው። አቶ ሙላት ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ የጎጃምን ባህል በሙሉ ሊያሳዩአቸው ቆርጠዋል።

«ስለዚህ ሠርግ እናሳያቸዋለን!»

«በጾመ ነቢያት?» አልኩ። ዝም ማለት ስለማልችል።

«ሠርግ አይደለም። ትርዒት ነው።»

«ሥጋውስ?»

«ሥጋው እውነተኛ ነው። እንግዳ ይታለላል እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። መቅዲ አንገቷን ደፍታ ቃለ ጉባኤውን ጻፈች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሙሽራው አበረ ነው ተባለ። በፈረስ ይመጣል። ሙሽራዋስ? አቶ ሙላት እንደገና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ሽታዬ። ቁመናሽ ለዚህ የተፈጠረ ነው።»

ቁመናዬ! በቃል ፈተናው ጎድሎ የነበረው ቁመናዬ… ከየት ተገኘ?

እምቢ ልል አፌን ስከፍት «ተባባሪ ሠራተኛ ውሉ ይታደስለታል» አሉ፣ ወረቀታቸውን እያስተካከሉ። አፌን ዘጋሁ። እስካሁን ያናድደኛል።

ኅዳር 23

አምበር ሄድኩ። ለትርዒቱ እንዲቀመጡ ሽማግሌዎችን እንድለምን የተላክሁት እኔ ነኝ። አበረ ቤታቸውን አያውቀውም።

አያ ፈንታን የከብት በረት አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው። በዚያ አገር ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ሰው ሲገደል ሳይቀር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። መንገዱን ስዞር ቤታቸው አድሬአለሁ። ልዋሻቸው አልቻልኩም፤ ትርዒት ነው አልኳቸው።

«ማንን ነው የምናጋባው?»

«ማንንም፣ አያ።»

«ታዲያ ለምን እንቀመጣለን?»

«እንግዶቹ እንዲያዩ።»

«ምን ያያሉ?»

«ስትቀመጡ።»

ሳቁ። ጥርሳቸው ያለቀ ሰው ሳቅ፣ ከልብ። «በአገራቸው ሰው አይቀመጥም እንዴ?»

ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። «አንቺ ስለጠራሽኝ እመጣለሁ፣ ልጄ። ግን ይህን ለአለቃሽ ንገሪው። እኔ ለሽምግልና ከተቀመጥኩ ጉዳይ ሳልሰማ አልነሣም። የአባቴም ወግ ይኸው ነበር። ሽማግሌ አስቀምጦ በባዶ ማስነሣት እኛ ጋ ነውር ነው።»

ለአቶ ሙላት ነገርኳቸው። «ይነሣሉ፣ ይነሣሉ። አበል አለው» አሉኝ።

ታኅሣሥ 3

የፈረስ ልምምድ። አበረ ወደቀ። ፈረሱ ደህና ነው።

ታኅሣሥ 9

ሙሉ ልምምድ። በመሥሪያ ቤታችን ጓሮ፣ ከቆመው መኪና ጎን።

ለጥሬ ሥጋው በሬ የሚያርድ ጠፋ። በጾም ቢላ የሚያነሣ ሰው ማርቆስን ዞረው አጡ። በመጨረሻ ሥጋው ከሆቴል እንዲመጣ ተወሰነ። ታዳሚው ጥሬውን በእጁ አንጠልጥሎ ይይዛል፣ አይቀምስም፤ ፎቶ ሲያልቅ ይመልሳል። አቶ ሙላት አያያዙን በመሐረብ አሳዩን። መሐረባቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው «እዚህ ላይ ማቆም!» አሉ። ሠራተኛው በሙሉ መሐረብ አንጠልጥሎ ቆመ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ለዚህ ነበር…

አበረ የሙሽራውን መሐላ ሊሸመድድ አልቻለም። «በእውነት ልኖር፣ ልታመን» የምትለዋ ጋ ሲደርስ ይጠፋበታል። እውነት የምትለዋ ቃል አስቸገረችው።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ሳቅ ጠብቄ ነበር።

«በጾም የተዳረች ይሉሻል» አለች። «ወይ በእውነት ይዳሩልኝ፣ ወይ ይተዉልኝ። የልጅ መጫወቻ አደረጉሽ እኮ።»

ለውሉ ብዬ ነው አልኳት።

«ለውሉ» አለች። ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች። እሷ ስትጮህ ይሻለኛል።

ታኅሣሥ 16

ሁሉንም ልጻፈው።

ድንኳኑ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ተተከለ። አንድ ኮስተር ሙሉ እንግዳ መጣ፤ ክላራ የምትባል ረጅም ሽበታም ሴትዮ ታስተባብራቸዋለች። እኔ የተዋሱልኝን ጥልፍ ቀሚስ ለብሼ፣ ዓይነ ርግብ ተከናንቤ፣ የፕላስቲክ ወርቅ አንጠልጥዬ ተቀመጥኩ። የማርቆስ ብርድ በጥልፍ ያልፋል።

አበረ በፈረስ መጣ። ልጓሙን ሁለት ሰው ይዞለታል፣ እሱ ደግሞ የፈረሱን አንገት። ካሜራዎቹ ጠቅ ጠቅ…

ያኔ አቶ ሙላት አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ለእንግዶቹ የሚያስረዳ የለም! አስጎብኚው ፈረስ ላይ ነው።

ጎንበስ ብለው በዓይነ ርግቤ ውስጥ አንሾካሾኩ። «አንቺ ተርጉሚ።»

«ሙሽራ ትናገራለች እንዴ?»

«ዛሬ ትናገር።»

እንግዲህ ራሳቸው ናቸው ያሉት።

አያ ፈንታና ሁለት ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አበረ ፊታቸው ቆመ። አያ ፈንታ ጋቢያቸውን አስተካክለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይችን ልጅ ልታገባት ነው?»

«አዎ።»

«እውነት?»

ይህ በልምምዱ አልነበረም። አበረ ወደ አቶ ሙላት ዞረ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ «ለትርዒቱ ነው» አለ።

«በሐሰት ልትምልልኝ ነው? በጾም?»

አቶ ሙላት ሮጡ። «አያ ፈንታ፣ ለእንግዶቹ ያህል ነው እኮ!»

«እንግዶቹ እንኳን ደህና መጡ። መሐላ ግን አልቸራቸውም።»

«እሺ፣ መሐላው ይቅር። ይነሡና ወደ ምርቃቱ እንለፍ።»

«ጉዳይ ሳልሰማ አልነሣም። ልጅቱ አልነገረችዎትም?»

እንግዶቹ እኔን ያያሉ። ተርጓሚዋ እኔ ነኝ። «ሽማግሌው ሙሽራው ሊዋሽ ነው እያሉ ነው» አልኳቸው። ምን ላድርግ፣ ትርጉሙ ያ ነው። ሁሉም ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ።

አያ ፈንታ ድንኳኑን ዞር ብለው ቃኙ። «ጉዳይ ያለው አለ?»

የሆቴሉ ልጆች ሥጋውን እንደያዙ ቆመዋል። ዝም ካልኩ ውሌ ይታደሳል። ዝም ካልኩ ሌላ ዓመት አበረ ይደውላል፣ እኔ መንገድ እነግረዋለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ እኔ ተሸፋፍኜ እቀመጣለሁ…

ዓይነ ርግቡን ገለጥኩ።

«አለኝ፣ አያ።»

«ከማን ጋር?»

«ከሙሽራው ጋር።»

ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። አያ ፈንታ አልሳቁም። «ተናገሪ።»

ተናገርኩ። አንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ፣ አንድ በእንግሊዝኛ። መንገዱን በእግሬ ያወጣሁት እኔ መሆኔን። ደጃቸውን አንኳኩቼ ያደርኩት እኔ መሆኔን። ፈተናውን አልፌ ሥራው ለእሱ መሰጠቱን። ሴት ልጅ ጮቄ ላይ ምን ትሠራለች መባሌን። ክላራ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። አንዱ እንግዳ «ጎበዝ ተዋናይ ናት» ሲል ሰማሁት።

አያ ፈንታ ወደ አበረ ዞሩ። «አንተስ? ምን ትላለህ?»

«እኔ… ተመድቤ ነው።»

«መንገዱን ሄደህበታል?»

«በመኪና።»

«ቅኔ ቤቱ በር መኪና ይደርሳል?»

አበረ መልስ ፍለጋ ፈረሱን አየ።

«ዋስ ጥራ» አሉት። «ሥራው ለዚህ ልጅ ይገባዋል ብሎ የሚምልልህ ሰው ጥራ።»

«ጋሼ…» አለ አበረ። አቶ ሙላትን ነው።

«ይህ እኮ ድራማ ነው!» አሉ አቶ ሙላት። ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ግን እምቢ አለ።

«ድራማ ከሆነ መማል ምን ያስፈራል? ልጁን ማል ሲሉት አልነበረም?»

ሰው ሁሉ ያያቸዋል። አቶ ሙላት ያንን መሐረብ አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ።

«ጾም ነው» አሉ።

እኔም ተረጎምኩ። ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ሽማግሌዎቹ ጭንቅላታቸውን ገጥመው ተማከሩ። ከዚያ አያ ፈንታ በትራቸውን ተመርኩዘው ተናገሩ። «የመንግሥት ወንበር የእኛ አይደለም። ለማን እንደሚሰጥ አለቃው ያውቃል። ደጃችን ግን የእኛ ነው። ነገ እንግዶቹ አምበር ሲመጡ ይችን ልጅ አስቀድመው ይምጡ። ያለ እሷ ለመጣ፣ ነገም ይሁን ከነገ ወዲያ፣ በር የሚከፍትለት የለም።»

ተነሡ። ጉዳይ ሰምተዋላ።

እንግዶቹ ቆመው አጨበጨቡ። ሥጋውን ማንም ሳይዘው ቀረ። ፎቶውም ቀረ። ውሻ ግን አንዱን ቁርጥ ይዞ ሲሮጥ አይቻለሁ፤ ባህሉን በትክክል ያሳየ እሱ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 17

አምበር ወሰድኳቸው። በሱሪና በሸራ ጫማ። አቶ ሙላት አልከለከሉኝም፤ ምን ብለው? አበረ ኮስተሩ ውስጥ ሹፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ዋለ።

ቅዳሴ እስኪወጣ ውጭ ጠበቅን። ከዚያ መምህሩ እንግዶቹን ቅኔ ቤቱ ደጃፍ ሣር ላይ አስቀመጧቸው። አንዱ ተማሪ ትናንት ያመጣውን ቅኔ ተናገረ፣ መምህሩ አንዷን ቃል ነቅሰው አፈረሱበት፣ ተማሪው በሳቅ ወደቀ። ማንም ትርዒት አላለውም። ክላራ ካሜራዋን ረስታ ነበር።

ስንመለስ ጠየቀችኝ። «ባልሽስ የታለ?»

«መኪና ውስጥ። ይበርደዋል።»

በደንብ ሳቀች። ትርዒት እንዳልነበረ ያኔ የገባት ይመስለኛል፤ ስልክ ቁጥሬን ወሰደች።

ታኅሣሥ 20

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። «በሕዝባዊ ትርዒት ላይ ከተሰጣት ሚና ውጭ በመንቀሳቀስ።» የጻፈችው መቅዲ ናት፤ ሥራዋ ነውና። ስትሰጠኝ «ሁለት ቦታ ሆን ብዬ አሳስቼዋለሁ፣ ስሙንም ሙሌት ብዬዋለሁ፣ ሳያይ ፈረመበት» አለች። ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሳቅን። ከዚያ እኔ አለቀስኩ። ትንሽ።

ታኅሣሥ 26

አቶ ሙላት አስጠሩኝ። ወንበር ሰጡኝ! ሻይ አዘዙልኝ! ተባረርኩ አልኩ በልቤ።

«እንግዶቹ አዲስ አበባ ሆነው ጽፈውልናል» አሉ። «በጉዟቸው ሁሉ ያንን የመሰለ ነገር አላዩም። የሙሽራዋ ሙግት ብለውታል።»

ሻዩ መጣ።

«ስለዚህ በየቅዳሜው ልናቀርበው አስበናል። አንቺ ትከሻለሽ፣ አበረ ይርበተበታል…»

«እርስዎስ?»

«እኔ ዋስ እጠራለሁ፣ አልምልም። ልክ እንደዚያ ቀን።» አላፈሩም። እንዲያውም ጥሩ ተጫውቼ ነበር የሚል ፊት አሳዩኝ።

«ፍርዱስ?»

«እንደነበረው። አንቺ ትረቻለሽ።»

«ከረታሁ በኋላ እንግዶቹን ማን ያስጎበኛል?»

«እሱማ አበረ ነው። ቋሚው እሱ አይደል?»

ሻዩን ጠጣሁት፤ ብርድ ነው። ውሌ ለአንድ ዓመት እንደሚታደስ፣ ማስጠንቀቂያውም እንደሚነሣ ነገሩኝ። በየቅዳሜው እየረታሁ፣ በየእሑዱ መንገድ በስልክ እየነገርኩ…

«አያ ፈንታስ ይቀመጣሉ?» አልኩ።

«አበል አለው።»

«እንግዲያው ሙሽራም ፈልጉ፣ አበል አለው» አልኩና ተነሣሁ። ቀሚሱን አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ የፕላስቲክ ወርቁን ከላይ አድርጌ ለመቅዲ አስረከብኩ። በሩን በቀስታ ዘጋሁት። ማላጋት አምሮኝ ነበር።

ታኅሣሥ 29

ገና። ጾም ተፈታ። ልጆቹ ሜዳው ላይ ገና ሲመቱ አንዱ አንዱን ፈነከተ፣ ደሙን ጠርጎ ቀጠለ።

እማዬ ሥጋ እያቀረበች «ይኸው አሁን ብትዳሪ ማን ይስቅብሽ ነበር» አለች። ውሌ ነገ እንደሚያልቅ ታውቃለች። ትልቁን ቁራጭ ወደ እኔ ገፋችው።

ጥር 5

ክላራ ደወለች። ጓደኞቿ ከጥምቀት በኋላ መምጣት ይፈልጋሉ፤ እኔ ካለሁ። አምበር ሄጄ ለአያ ፈንታ ነገርኳቸው።

«መሥሪያ ቤት የለኝም፣ አያ። እኔ ብቻ ነኝ።»

«እኛስ መሥሪያ ቤቱን መቼ ጋበዝን?» አሉኝ።

መቅዲ ደግሞ ወሬ አላት። አበረ ባለፈው ሳምንት ሌሎች እንግዶች ይዞ አምበር ሄዶ ነበር። በር የሚከፍት ጠፋ። አንዲት ሴትዮ በአጥር ብቅ ብላ «ሙሽራይቱን የት ጣልካት?» አለችው። ሞቼ ነበር በሳቅ።

ጥር 13

የክላራን ጓደኞች ደምበጫ አምጥቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ፈረሶቹ ሲጋልቡ አየን፤ ማንም ማንንም አልደገፈም። አሁን የሚያስተናግዱን ቤት ጓሮ፣ አጥር ተደግፌ እጽፋለሁ። ይህ የሆነው ከአፍታ በፊት ነው።

ስልኬ ጮኸ። አበረ። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ነፋስ አለው።

«ሽታዬ… ጮቄ ላይ ነኝ። እንግዶች ይዤ። ጉም ወረደብን። የምንወርድበት ጠፋን።»

አምበር በር ሲዘጋበት በሌላ በኩል አውጥቷቸዋል። በዚህ ሰዓት። በዚህ ብርድ።

«ምን ይታይሃል?»

«ጅብራ።»

«ጅብራ በየቦታው ይበቅላል፣ አበረ። ውኃ ይሰማሃል?»

«አላውቅም… ንገሪኝ ብቻ፣ እኔ እወስዳቸዋለሁ። እባክሽ። ጋሼ እንዳይሰማ።»

ከኋላው ሴት ስታስል ተሰማኝ። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ «መንገዱን ያውቀዋል ወይስ አያውቀውም?» ይላል።

መንገዱ ዓይኔ ላይ ነበር። ውኃውን በግራ ይዞ ጥድ የከበባት ቤተ ክርስቲያን እስክትታይ መውረድ፣ ከዚያ የቄሱ ቤት፤ ያሳድራሉ። አንድ ትንፋሽ ነው። ብነግረው ይወርዳል፣ ነገ መንገዱ የእሱ ይሆናል። ባልነግረው ሰዎቹ ያድራሉ በውርጭ… ያንን አላደርግም። እነሱ ምን አደረጉኝ?

«ስልኩን ለእንግዶቹ ስጣቸው» አልኩ።

«ምን?»

«ስልኩን፣ አበረ። ለእነሱ ስጣቸው።»

ነፋስ። ረጅም ነፋስ ብቻ። የሄደ መሰለኝ። ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሰማሁ፤ አንዲት ሴት ጥርሷ እየተንገጫገጨ ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ።

«ሽታዬ እባላለሁ» አልኳት። «አስጎብኚያችሁ ነኝ። አሁን ዝም በሉና አዳምጡ፤ ውኃው በየት በኩል ይሰማችኋል?»